«የቀረው ምራቂ ነው» የተባለው ትምህርት፦ የጅማ ወላጆች ክርክር

የቆጪዋ እናት፦
እሁድ ከአምልኮ በኋላ በነበረው የወላጆች ስብሰባ አንድ ወንድም ተነሥቶ ሁለት ልጆቹን ከትምህርት ቤት አስወጥቶ በቤቱ እያስተማራቸው እንደሆነ መሰከረ። እዚህ ድረስ ቅር የሚለኝ ነገር የለም፤ ልጆቹ የእርሱ ናቸው። ቀጥሎ ግን «መጽሐፍ ቅዱስ መሃል ላይ ከተቀመጠ የቀረው ትምህርት ምራቂ ነው» አለ፤ አዳራሹም በአንድ ድምፅ አሜን አለ። እኔ አሜን አላልኩም። ምራቂ ባለጉሊቷ ድንቹን መዝና ከጨረሰች በኋላ ደስ ካላት ጣል የምታደርግልን ነገር ነው፤ ባትጨምርልን ተሰናብተናት እንሄዳለን። ልጄ ማካፈል አለመቻሏን እንዲሁ ተሰናብቼው እሄዳለሁ? ማታ ማታ ቃሉን ከልጆቼ ጋር አነባለሁ፤ ጠዋት ደግሞ ትምህርት ቤት እሸኛቸዋለሁ። ሁለቱንም የማደርገው ለእግዚአብሔር ነው። አንዱን ምራቂ ያሉበትን ምክንያት የሚያስረዳኝ ሰው እፈልጋለሁ።

ቃሉን ጠባቂ፦
እህቴ፣ አሜን ያልነው ለሰው ሳይሆን ለቃሉ ነው። ዘዳግም ምዕራፍ 6ን ክፈቺ። ትእዛዙ የተሰጠው ለአባትና ለእናት ነው፤ በቤት ስትቀመጥ፣ በመንገድ ስትሄድ፣ ስትተኛና ስትነሣ ይላል። ልጅ ቀኑን ሙሉ ውጭ ውሎ፣ ደክሞትና የቤት ሥራ ይዞ ሲገባ ለቃሉ የሚተርፈው ስንት ደቂቃ ነው? እውነቱን እንነጋገር ካልን በአብዛኞቻችን ቤት ምራቂ የሆነው መጽሐፍ ቅዱስ ነው። ወንድማችን የተገለበጠውን አቃና እንጂ ሌላ ምን አደረገ?

መምህሩ፦
በዚህ ከተማ በመንግሥት ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። ደመወዜ ከወር ወር አያደርሰኝም፤ ሥራዬ ግን ምራቂ ሲባል ይህ የመጀመሪያው ነው። ዘዳግም 6 ልጅህን ከትምህርት ቤት አስወጣ የሚል መስመር የለውም፤ በሄድክበት ሁሉ ቃሉን ንገረው ነው የሚለው። ሙሴ የግብፆችን ጥበብ ሁሉ እንደተማረ የሐዋርያት ሥራ 7፥22 ይነግረናል። ዳንኤልና ጓደኞቹ የከለዳውያንን ትምህርትና ቋንቋ ተምረዋል፤ በምዕራፍ 1 ቁጥር 17 ደግሞ ያንን እውቀት የሰጣቸው እግዚአብሔር መሆኑ ተጽፏል። እግዚአብሔር የሰጠውን ምራቂ ማለት ለእኔ ይከብደኛል።

ቃሉን ጠባቂ፦
መምህር፣ ዳንኤል ምርኮኛ ነበር። የባቢሎንን ትምህርት ቤት የመረጡለት ወላጆቹ አልነበሩም። እርስዎ ምርኮን ለነፃ ሰው አርአያ እያደረጉ ነው። ደግሞስ የሚከላከሉልን ምንድን ነው? በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ ሆነ። ልጁን ከዚህ እሳት ያወጣ አባት ሊመሰገን ይገባዋል።

መምህሩ፦
ቁጥሩ እውነት ነው፤ እኔንም በየዓመቱ ያቃጥለኛል። ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ ኩረጃው ሲቋረጥ ገመናችን ታየ። ግን ይህን ቁጥር ያመጣችሁት ለምንድን ነው? ሒሳብና ፊዚክስ ምራቂ ከሆኑ ልጆቹ ቢወድቁ ምን ያስጨንቃችኋል? ወይ ትምህርቱ ዋጋ አለው፣ ስለዚህ ውድቀቱ ያሳዝናል፤ ወይ ዋጋ የለውም፣ ስለዚህ 3.3 በመቶን አትጥቀሱብኝ። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ አይቻልም።

የሁለት ልጆች አባት፦
ስሜ ሳይጠራ የተወራብኝ ሰው እኔ ነኝ። ስለ ቤታችን በቀጥታ ልናገር። ጠዋት ከምሳሌ መጽሐፍ አንድ ምዕራፍ እናነባለን፤ 31 ምዕራፍ ስለሆነ ወሩን ያዳርሳል። የእጅ ጽሑፍ የሚለማመዱት መዝሙር እየገለበጡ ነው። ታሪክ ከመጽሐፈ ነገሥት እንጀምርና በካርታ ላይ ግብፅን፣ አሦርን፣ ባቢሎንን፣ ኩሽን እናያለን። ለሒሳብና ለሳይንስ የትምህርት ሚኒስቴር መጻሕፍት ከቤታችን አልወጡም። ምራቂ ያልኩት ለመናቅ አይደለም፤ ቅደም ተከተሉን ለማሳየት ነው። ምሳሌ 1፥7 የእውቀት መጀመሪያ እግዚአብሔርን መፍራት ነው ይላል። መጀመሪያውን ያልያዘ ልጅ ቀጣዩን ለምን እንደሚማረው አያውቅም። ሒሳብን ራሱ ከቃሉ አስጀምሬያለሁ። 1ኛ ነገሥት 7፥23 ላይ ሰሎሞን ያሠራው የናስ ኩሬ ከዳር እስከ ዳር 10 ክንድ፣ ዙሪያው 30 ክንድ ነው። ልጆቼ ክብ ማለት ምን እንደሆነ የተማሩት ከዚህ ነው።

መምህሩ፦
አባታችን፣ ስለገቡ ደስ ብሎኛል። በዚሁ ኩሬ ላይ እንቆይ፤ የእኔም ክፍል ነውና። ወርዱ 10 ክንድ የሆነ ክብ ዙሪያው 31.4 ክንድ ገደማ ነው እንጂ 30 አይደለም። ልጅዎ አንድ ቀን ገመድ ይዛ ባልዲ ስትለካ ታገኘዋለች። ያን ጊዜ ምን ይሏታል?

የሁለት ልጆች አባት፦
ጠይቃኛለች፤ መልሼላታለሁም። ቁጥር 26 ላይ የኩሬው ውፍረት አንድ ጋት እንደነበረ ተጽፏል። 10 ክንድ የተባለው ከውጭ ዳር እስከ ውጭ ዳር ቢሆንና ዙሪያው በውስጥ በኩል ቢለካ፣ ክንዱን በስድስት ጋት አስበን፣ የውስጡ ወርድ 9.67 ክንድ ገደማ ይሆናል፤ ዙሪያውም 30.4 ክንድ አካባቢ ይመጣል። ቃሉ አልተሳሳተም።

መምህሩ፦
30.4ን በምን አገኙት? የክብ ዙሪያ የወርዱ 3.14 እጥፍ ገደማ ስለሆነ ወርዱን በ3.14 አባዝተው ነው። ያ 3.14 በመጽሐፈ ነገሥት የለም፤ ከሒሳብ መጽሐፍ የመጣ ነው። ቃሉን ከስሕተት ክስ ያዳኑት ምራቂ ባሉት ትምህርት ነው! እኔ የምለውም ይህንኑ ነው። መጽሐፍ ቅዱስን አክብራችሁ ልታስተምሩ ከፈለጋችሁ ሒሳቡን እንደ ዋና ነገር አስተምሩ። በደንብ ያልተማረ ልጅ ያችን ጥያቄ መጠየቅ አይችልም፤ ጠይቆ መልስ ያጣ ደግሞ ሒሳቡን ትቶ እምነቱን ይጠራጠራል። እንዲህ ሆነው ግራ የገባቸው ተማሪዎች ክፍሌ ውስጥ ተቀምጠው አይቻለሁ።

የመልኮ ጡረተኛ፦
ዕድሜዬ ከሁላችሁም ይበልጥ ይመስለኛልና አንድ ነገር ልበል። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ሲገባ ፍሬው እዛፉ ላይ እየጠቆረ ሲረግፍ ያየ የጅማ ገበሬ አይረሳውም። እዚህ ጅማ መልኮ የግብርና ምርምር ማዕከል ላይ የተሠራው ሥራ ከየጫካው በሽታውን የተቋቋመውን ዛፍ እየለዩ፣ እየዘሩ፣ እየፈተኑ መምረጥ ነበር። ዛሬ በየማሳችሁ ያሉት 74110 እና 74112 የተባሉት የቡና ዝርያዎች የመጀመሪያ ሁለት አሃዛቸው እ.ኤ.አ. የ1974ን ምርጫ ያመለክታል። ከደከሙት መካከል ጸሎተኛ ሰዎች ነበሩ፤ ማሳ ላይ ሲደርሱ ግን ቆጥረውና መዝግበው ነበር የሚሠሩት። የአረቢካ ቡና 44 ክሮሞሶም እንዳለው የሚነግራችሁ ዘፍጥረት አይደለም። ዘፍጥረት የሚነግራችሁ አትክልቱን ማን እንደፈጠረና ምድሪቱን እንድታበጇትና እንድትጠብቋት ለማን እንደተሰጠች ነው። ታዲያ የመጠበቁ ሥራ ያለ ትምህርት በምን ይፈጸማል? በመሃል ያለው ቃል ልጁን ወደ ማሳው ካልላከው መሃል መሆኑ ለማን ጠቀመ?

የድጓው ልጅ፦
በዚህ ሁሉ መሃል የሚገርመኝ ነገሩ እንደ አዲስ ግኝት መወራቱ ነው። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1908 ከመከፈቱ በፊት የዚህ አገር ልጅ በምን ማንበብ ተማረ? ፊደል ይቆጥራል፣ መልእክተ ዮሐንስን ያነባል፣ ወንጌለ ዮሐንስ ይቀጥላል፣ ከዚያ ዳዊት ይደግማል። ግዕዙን፣ ውርድ ንባቡን፣ ቁም ንባቡን እየለየ፣ 150ውን መዝሙር እስኪወጣ። መጽሐፍ ቅዱስ መሃል ላይ ያለበት ትምህርት ይህ ነው። ከዚያ በኋላ ዜማው፣ ቅኔው፣ ትርጓሜው አለ። ለዚያውም ሁሉ መምህር አለው! አባት በሳሎኑ የፈለገውን አንብቦ የሚተረጉምበት አልነበረም። ሕፃኑ ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጦ፣ ሲስት እየታረመ፣ ከጓደኞቹ ጋር ቆሎውን ተካፍሎ ነው የተማረው።

ቃሉን ጠባቂ፦
ዲያቆን፣ አባት ለልጁ ካህን ነው። ቃሉ ለሁሉም በሚገባው ቋንቋ ተተርጉሞለታል። ልጅ በማያውቀው ግዕዝ ማነብነቡ የቃሉ ማዕከልነት ነው ብለህ ነው?

የድጓው ልጅ፦
«ማነብነብ» ያልከውን ቃል መልሰህ ውሰድ። በዚያ ንባብ የሰለጠኑ ሰዎች ናቸው መጽሐፉን በእጃቸው ገልብጠው ለአንተ ያቆዩልህ። ደግሞ መሃል ላይ ያስቀመጥከው የትኛውን ነው? ሰማንያ አሐዱውን ወይስ ስልሳ ስድስቱን? ልጅህ ሲራክንና ጦቢትን ሳያነብ «መጽሐፍ ቅዱስን ጨረስኩ» ሲል ምን ትለዋለህ?

ቃሉን ጠባቂ፦
በስልሳ ስድስቱ ልጄ ይድናል፤ ይበቃኛል።

የቆጪዋ እናት፦
እባካችሁ ወንድሞች፣ የቀኖናውን ነገር ለሌላ ጊዜ አቆዩት። የጠየቅሁት ስለ ልጆቹ ነው።

ፈረንጅ አራዳ፦
ሕጉን ያነሣ ሰው ስላላየሁ ላንሣው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 ንዑስ አንቀጽ 4 ወላጆች ልጆቻቸውን በእምነታቸው መሠረት በሃይማኖትና በሥነ ምግባር የማሳደግ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አንቀጽ 90 ንዑስ አንቀጽ 2 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካና ከባህል ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ መሰጠት እንዳለበት ይናገራል። በእኔ ንባብ ሁለተኛው የመንግሥትን ትምህርት ይመለከታል፤ የቤቱን ጠረጴዛ አይነካም። ሌላው ዓለምም አንድ ዓይነት አይደለም። በአሜሪካ ልጅን በቤት ማስተማር በሃምሳውም ግዛት ይፈቀዳል። በጀርመን ክልክል ነው፤ ለአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት አቤት ያሉ ክርስቲያን ወላጆች እ.ኤ.አ. በ2006 ጉዳያቸው ውድቅ ሆኖባቸዋል። ስለዚህ አባታችን መብት አላቸው እላለሁ። ግን ጥያቄ አለኝ፤ ልጆቹ ለስድስተኛና ለስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና የሚመዘገቡት በየትኛው ትምህርት ቤት ስም ነው?

የጅሬን ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሙስሊም ነኝ፤ ነገሩ የእናንተ ቢሆንም ጎረቤት ነንና ዝም ማለት አልቻልኩም። እኛ ሃይማኖትን ከማዕከል አውጥተን አናውቅም። ልጆቻችን ቁርአን ቤት ይሄዳሉ፤ ፈረቃቸው ከሰዓት ከሆነ ጠዋት፣ ጠዋት ከሆነ ከሰዓት። ሁለቱ ተጋጭተውብን ልጅ ከትምህርት ቤት አላስወጣንም። ከልጆቼ ጋር አንድ ወንበር ላይ የሚቀመጡት የእናንተ ልጆች ናቸው። በረመዳን ልጄ ጾሞ ሲደክም ደብተሩን የሚይዝለት ጓደኛው ክርስቲያን ነው። እናንተ ልጆቻችሁን ስትሰበስቡ የእኔም ልጅ የሚያጣው ነገር አለ። ደግሞ ከውጭ ስለሚመጡት መጻሕፍት ሰምቻለሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1970 በቴክሳስ እንደተጀመረው ዓይነት ልጁ ብቻውን እየሞላ የሚጨርሳቸው። ልጅ ከጅሬን ቤተ መንግሥት ሥር እያደገ፣ አባ ጅፋር ከምኒልክ ጋር ተስማምተው አገራቸውን እንዴት ከጦርነት እንዳተረፉ ሳያውቅ ስለ አሜሪካ ሰፋሪዎች ቢማር ያሳዝነኛል። አፋን ኦሮሞስ? በየትኛው ሰዓት ይማሩታል?

የሁለት ልጆች አባት፦
ወንድሜ፣ አክብሬ እመልሳለሁ። የውጭ መጻሕፍት አልገዛሁም። አፋን ኦሮሞ ከሰፈር ልጆች ጋር ይናገራሉ፤ ቁቤ ማንበብ ገና ነን። ጎረቤትነታችን በክፍል ወንበር ብቻ የሚኖር አይደለም፤ በዓላችሁን አብረን እንውላለን። ነገር ግን የእናንተ ልጅ ቁርአን ቤት ሲሄድ በየቀኑ ነው። የእኛ ሕፃናት ቃሉን የሚያገኙት እሁድ ለአንድ ሰዓት ነው፤ እርሱም ግማሹ መዝሙር ነው። ምራቂ ማለቴን እንድተው ትጠይቁኛላችሁ። አልተውም። ልጆቼ ሁሉን አውቀው ጌታን ካላወቁ እኔ አባት ሆኜ ምን ሠራሁ?

መምህሩ፦
የፈተናውን ምዝገባ ጥያቄ ዘለሉት።

የሁለት ልጆች አባት፦
እየጠየቅሁ ነው። በሩ አይዘጋም ብዬ አምናለሁ።

የቆጪዋ እናት፦
እኔ ሌላ የተዘለለ ጥያቄ አለኝ። እስካሁን የጻፉት አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው፤ «አስተማርኩ፣ መለስኩ» ይላሉ። ወንድሜ፣ እርስዎ ቀን ሱቅ ነዎት። ሕፃናቱን ጠዋት ከምሳሌ እስከ ማካፈል የሚያስቀጥላቸው ማን ነው? መጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሁላችንም አይተነዋል፤ ያስተማረችው፣ ያበሰለችው፣ ያጠበችው አንዷ ሴት ናት። እህታችን ባለቤትዎ ሥራዋን እንደተወች ሰምቻለሁ። ፈቅዳ ከሆነ እግዚአብሔር ያበርታት። ግን ከራሷ አንደበት መስማት እፈልጋለሁ።

ቃሉን ጠባቂ፦
የሰው ትዳር ውስጥ መግባት አይገባም።

የቆጪዋ እናት፦
በአደባባይ የተመሰከረው በእርሷ ጉልበት የሚሠራ ሥራ ነው። እኔም በአደባባይ ጠየቅሁ።

የሁለት ልጆች አባት፦
ባለቤቴ ይህን አብራኝ ታነባለች። ተስማምተን የጀመርነው ነው። ይደክማታል፤ አልክድም። ሱቁን ከሰዓት ለወንድሜ ልተውለትና ሒሳቡን እኔ ልይዝ ነው።

መምህሩ፦
ሒሳቡን ይያዙ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ያለ ክፍያ መጥቼ አግዝዎታለሁ። ሰባተኛ ክፍል ላይ ግን ቤተ ሙከራ የሚፈልግ ትምህርት ይመጣል። እርሱንስ?

የሁለት ልጆች አባት፦
ለእርሱ ገና ጊዜ አለ።

የቆጪዋ እናት፦
ትልቋ ዘንድሮ ስድስተኛ ክፍል ነበረች። የምን ጊዜ ነው ያለው?