ስኳሯ 58 ወረደ፣ ኪኒንም አብሽም ወስዳለች! ምን ላድርግ?

ጠያቂ፦ እባካችሁ ቶሎ! እናቴ ስኳር አለባት። ጠዋት አብሽ በጥብጬ ሰጠኋት፣ ለኦክሲዴቲቭ ስትረስም ጥሩ ነው ሲሉ ሰምቼ ነው። ኪኒኗንም ውጣለች። አሁን ላብ አጥምቋታል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል። ስኳር እንዳልሰጣት ስኳር በሽተኛ ናት፤ ግራ ገባኝ።

ነርስ ነኝ፦ አሁኑኑ ስኳር ስጫቸው! ከ70 በታች አደጋ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠሽ አጠጫቸው፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ለኪ፣ ከ70 በታች ከሆነ ድገሚ። ራሳቸውን ከሳቱ ወይም መዋጥ ካቃታቸው ግን በአፋቸው ምንም እንዳታደርጊ፤ አምቡላንስ ጥሪ። ኪኒኑ ምን ይባላል? ቁርስ በልተዋል?

ቅጠል ወዳድ፦ አብሽ እኮ ተፈጥሯዊ ነው፣ አይጎዳም። የጎዳቸው ኪኒኑ ነው፤ እሱን ይተዉት።

ሳልሳዊ፦ ስኳር ስጫቸው። ቸኮሌት እንዳይሆን፣ ቅባቱ ስኳሩን ያዘገየዋል።

ፋርማሲስቱ፦ ቅጠል ወዳድ፣ እንዲህ ያለ ምክር ሰው ይገድላል። ተፈጥሯዊ የሆነ ነገር አይሠራም ያለው ማነው? ለስኳር በሽታ የሚታዘዘው ሜትፎርሚን ራሱ የተገኘው ጋሌጋ በሚባል ተክል ውስጥ ያለውን ንጥረ ነገር መነሻ አድርጎ ነው። የአብሽ አሰር ስኳር ከአንጀት ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ይቀንሳል፤ በውስጡ ያለ አንድ አሚኖ አሲድም ቆሽትን ስኳር የሚያወርደውን ኢንሱሊን አመንጭ ይለዋል። ኢንሱሊን በሚያስመነጭ ኪኒን ላይ ሲደረብ ደግሞ ስኳሩ ከሚገባው በላይ ሊወርድ ይችላል። ስለ ኦክሲዴቲቭ ስትረስ ላነሳሽው፦ ደም ውስጥ ስኳር ሲበዛ ሴሎች የሚያመነጩት ጎጂ የኦክስጅን ቅንጣት ይበዛል፤ ኦክሲዴቲቭ ስትረስ የሚባለው ይኸው ነው፣ ዓይንንና ኩላሊትን የሚጎዳው አንዱ መንገድም ይህ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚያስፈልጋቸው ስኳራቸው ሳይዋዥቅ እንዲቆይ ነው እንጂ ሌላ ዱቄት አይደለም።

ቅጠል ወዳድ፦ ቀረፋስ?

ፋርማሲስቱ፦ ካሲያ የሚባለው ቀረፋ ኩማሪን አለው፤ ሲበዛ ጉበት ይጎዳል። አሁን ግን ጥያቄው እሱ አይደለም።

ጠያቂ፦ ግሊቤንክላማይድ ይላል። ቁርስ አልበላችም፣ አብሹ ሆዴን ሞላው ብላ ተወችው። አሁን ለካሁ፣ 74 ሆነ።

ነርስ ነኝ፦ ተመስገን! ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነው፦ ኪኒኑ ተዋጠ፣ ምግብ አልተበላም። አሁኑኑ ምግብ ይብሉ። ግን እንዳትዘናጊ፤ ግሊቤንክላማይድ ኢንሱሊን የሚያስመነጭ ኪኒን ነው፣ ረጅም ሰዓትም ስለሚሠራ ስኳሩ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል። ዛሬውኑ ሐኪም ጋር ውሰጃቸው፣ አብሹንም ሳትደብቂ ንገሪ። ቀጣዩን ኪኒን ሐኪሙን ሳትጠይቂ አትስጫቸው፣ እስከዚያው እየለካሽ ቆዪ።

ነርስ ነኝ፦ እህቴ፣ 1 ሰዓት አለፈ። ስንት ሆነ?