ለመውለድ ሐኪም ጋ ሄጄ አስተርጓሚዋ የማውቃት ሆነችብኝ

ዝምተኛዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። 38 ዓመቴ ነው። ለመውለድ መሞከር ከጀመርን ግማሽ ዓመት አልፎናል። የቤተሰብ ሐኪሜ ጋ ስገባ አስተርጓሚ ሆና የተቀመጠችው ከማኅበራችን የማውቃት ሴት ናት። ደነገጥኩና «ጨጓራዬን ነው» አልኩ። የጨጓራ መድኃኒት ታዞልኝ ወጣሁ። የማያውቀኝ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል? ባለቤቴስ የግድ መምጣት አለበት? እሱ «እኔ ፊት የወለድኩት ልጅ አለኝ፣ ችግሩ ከእኔ አይደለም» ብሎ ቁጭ ብሏል።

ሲስተር፦
እህቴ፣ ጨጓራውን ተይውና ቶሎ ተመለሺ። «አንድ ዓመት ሞክሩ» የሚባለው ከ35 በታች ለሆነች ነው። ከ35 ጀምሮ 6 ወር ሞክሮ ካልሆነ መመርመር ነው። 40 ካለፈማ ጭራሽ አይጠበቅም። ሐኪሙ «ቆዩ» ካለሽ ዕድሜሽን ንገሪውና «ስፔሻሊስት ጋ ላከኝ» በይው። የወር አበባሽ የመጣበትን ቀን ጽፈሽ ሂጂ፣ መጠየቅሽ አይቀርም። ኤኤምኤች የሚባል ሆርሞን በደም ያያሉ። ዝቅ ብሏል ቢሉሽ አትደንግጪ፣ የቀረውን እንቁላል ብዛት እንጂ ጥራቱን አይናገርም። ጥራቱን በዋናነት የሚወስነው ዕድሜ ነው። አይቪኤፍም (እንቁላሉንና የወንዱን ዘር ከሰውነት ውጭ የሚያገናኙበት ሕክምና) ቢሆን የእንቁላልን ዕድሜ አይመልስም፣ ለዚህ ነው የምቸኩልብሽ። የማህፀን ቱቦሽ ክፍት መሆኑን የሚያዩት ቀለም አስገብተው በራጅ ነው። ይቆርጣል፣ ግን ብዙ አይቆይም። ፎሊክ አሲድ የሚባለውን ቫይታሚን፣ በቀን 400 ማይክሮግራም፣ ከአሁኑ ጀምሪ።

ባልሽ ደግሞ ይመርመር። ልጅ እምቢ ካላቸው ጥንዶች ግማሽ ያህሉ ላይ የወንዱም ጉዳይ አለበት። የእሱ ምርመራ ከሁሉም ይቀላል፦ ከ2 እስከ 7 ቀን ታቅቦ የዘር ናሙና መስጠት። በቃ።

የቤቱ ታላቅ፦
የወለደን ሰው ተመርመር ማለት ማዋረድ ነው። ልጅ ከእግዜር ነው። ባልሽን አትነዝንዢው፣ ትዳርሽን ትበጠብጫለሽ።

ሲስተር፦
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ልጁን የወለደው መቼ ነው? ስፐርም (የወንድ ዘር) ተሠርቶ እስኪወጣ ሁለት ወር ተኩል ገደማ ነው የሚፈጀው። የድሮ ልጅ ለዛሬ ምስክር አይሆንም። ጡንቻ ለማውጣት ቴስቶስትሮን የሚባለውን የወንድ ሆርሞን የሚወጉም አሉ። መርፌው የስፐርሙን ምርት ድራሹን ሊያጠፋው ይችላል፣ ሰውየው ግን ፈርጥሞ ይታያል።

ደሞዝተኛው፦
ስለ ወንዱ ካነሳችሁ አይቀር፣ እኔ የተመረመርኩት ሳልከራከር ነው። የከበደኝ ገንዘቡ ነው። ለአይቪኤፍ ያጠራቀምነው ለወንድሜ ቤት ማስጨረሻ ሄደ። «ዘንድሮ አልችልም» ልበል ብል፣ «ለምን?» ይመጣል። ለምኑን ከተናገርክ ደግሞ በነጋታው ዘመድ ሁሉ ሰምቶታል። እናቴ ስትደውል ሰላምታው ሳያልቅ «እህ፣ አዲስ ነገር የለም?» ነው። ሚስቴ ስልኩ ሲጠራ ወደ ጓዳ መግባት ጀምራለች።

ዝምተኛዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሲስተር። ስለ አስተርጓሚዋስ?

የሩቅ ጎረቤት፦
ቀጠሮ ስትይዢ «በስልክ የሚያስተረጉም፣ ሴት» ብለሽ ጠይቂ። ሌላ ከተማ ያለች ልትሆን ትችላለች፣ መልክሽንም አታይም። ሐኪሙን «በእሷ ፊት ስሜን አትጥራ» ማለት ይቻላል። ባልሽ እንዳያስተረጉምልሽ ብቻ። ያልመሰለውን ይዘለዋል። ደሞዝተኛው፣ አንተም ወንድምህን አሁኑኑ ቁርጡን ንገረው። ቤት ዓመት ቢቆይ አይፈርስም።

የቤቱ ታላቅ፦
ስንቱን ተስፋ አስቆርጦ ነው ታዲያ? ያሳደጉህን ረስተህ ገና ላልተወለደ ልጅ? እኛ ለቤተሰብ እየላክን ነው የወለድነው!

ደሞዝተኛው፦
ጋሼ፣ እርስዎ በስንት ዓመትዎ ነው የወለዱት?

የቤቱ ታላቅ፦
በ24። ምን አገናኘው?

ሲስተር፦
እሱማ ነው የሚያገናኘው!

የቤቱ ታላቅ፦
እናንተ ልጆች መልስ አታጡም። ወንድም ግን ወንድም ነው፣ ቃል ከተገባለት ይላክለታል።

ደሞዝተኛው፦
እንግዲያው የዘንድሮውን እርስዎ ይላኩልኛ።