«ከፊል ማለት ዋስ ነው» ያለው ማነው?

ሰብሊ፦ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ላይ ዓረብ ሀገር ሠራተኛ የሚልክ አንድ የኤጀንሲ ባለቤት «እዚያ አሠሪው ከፊል ይባላል፤ ከፊል እኮ በዓረብኛ ዋስ ማለት ነው፤ ልጆቻችሁ እዚያ ዋስ አላቸው፣ ምን ያስጨንቃችኋል» ሲል ሰማሁ። ከአራት ኪሎ እስከ ስታዲየም ደሜ እየፈላ ነው የመጣሁት። ዋስ!

ሙሌ፦ ምኑ ነው ያናደደሽ? ቃሉ እውነት ነው። ቪዛውንም፣ ቲኬቱንም፣ የመኖሪያ ፈቃዱንም የሚችለው አሠሪው ነው። የውጭ ሀገር ሥራ ስምሪት አዋጁ፣ 923/2008 ላይ ቁጭ ብሏል። ልጅቷ ፓስፖርትና ምርመራ ምናምን ነው የምትከፍለው።

ናቲ፦ ሙሌ የኤጀንሲ እንጀራውን ሲከላከል 😂

ዙፋን፦ ሙልዬ፣ እኔ ጅዳ 4 ዓመት ሠርቻለሁ። «ዋሴ» ፓስፖርቴን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፎበት፣ ቁልፉን ማዳም ከአንገቷ አታወልቅም ነበር። ስትታጠብ እንኳ።

ጋሽ ታዴ፦ እኔ ለእቁብ ዋስ ሆኜ ሰውዬው ዕጣው ወጥቶለት ተሰወረ። ቀሪውን ከኪሴ ከፈልኩ። ዋስ ማለት እንዲህ የሚቃጠል ሰው ነው። እዚያ ግን የምትቃጠለው ልጅቷ ናት።

ሙሌ፦ ጋሽዬ፣ ስትጠፋበት እሱም ከስሯል እኮ። ስንት ከፍሎ ነው ያስመጣት።

ዙፋን፦ ጠፋች! ደመወዝ 5 ወር ሲከለክላት ወጣች አይባልም፣ ጠፋች። በእኔ ጊዜ «ሁሩብ»፣ ማለት ኮብልላለች፣ ብሎ ያስመዘግባት ነበር፣ በቃ ሕገወጥ ሆነች። ከዚያ እስር ቤት፣ ከዚያ ቦሌ በነጠላ ጫማ።

አቤል ኮደሩ፦ ከአሜሪካ ልግባ። አታካብዱት፣ ሁሉም ጋ ያው ነው። ኤች ዋን ቢ በሚባለው የሥራ ቪዛ ላይ ያመለከተልኝ ካምፓኒው ነው፤ እሱም በዕጣ፣ በዓመት 65 ሺህ፣ እዚህ ማስተርስ ለሠራ ሌላ 20 ሺህ። ሥራዬ ካበቃ እዚህ ለመቆየት ያለኝ 60 ቀን ነው። እኔም ከፊል አለኝ።

ሰብሊ፦ አቤልዬ፣ ሥራ ስትለቅ ማኔጀርህ ፖሊስ ይልክብሃል?

አቤል ኮደሩ፦ ፖሊስ አይልክም። ለኢሚግሬሽን ያሳውቃል። ሌላ ካምፓኒ ማመልከቻ ካስገባልኝ ግን እዚያ መጀመር እችላለሁ፣ የድሮውን አላስፈቅድም።

ዙፋን፦ እሱን ነው የምልህ። እኔ ሌላ ቤት ለመግባት የመጀመሪያው ሰውዬ መፈረም ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2021 ሳዑዲ ሕጉን ለወጠች ሲባል እልል ብለን፣ የቤት ሠራተኛን አይጨምርም ተባለ።

ሙሌ፦ ኳታርንስ ለምን አታነሺም? እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ሥራ ለመቀየር የአሠሪ ይሁንታ ቀርቷል፣ ለቤት ሠራተኛም ጭምር። ትንሹ ደመወዝ 1,000 ሪያል።

ዙፋን፦ ከውጭ ተቆልፎባት በየት በኩል ወጥታ ነው አሠሪ የምትቀይረው? በመስኮት?

ሙሌ፦ ታዲያ ጉዞው ይታገድ? በእኛ በ2006 ታግዶ አየን። ጅቡቲ፣ ኦቦክ ወደብ ሄደው ጀልባ ላይ ተሳፈሩ።

ጋሽ ታዴ፦ እሱስ እውነት ነው።

ሰብሊ፦ ማን ይታገድ አለ?! ዋስ አትበሉት ነው ያልኩት!

ናቲ፦ እኛስ ሀገር? ቻይናው የሥራ ፈቃድ የሚወጣለት በአሠሪው አይደል? 3 ዓመት፣ በየዓመቱ እየታደሰ። እኛም ከፊሎች ነን በሉኛ።

ሰብሊ፦ ፓስፖርቱን ኮብልስቶን ስር ቀብረህበታል?

ናቲ፦ የካሳንቺስ ሴት አፍ!

ሰብሊ፦ የቱ ካሳንቺስ? ሰፈሩ ፈርሶ የለ! አንተ አሁን የገላን ጉራ ልጅ ነህ።

ናቲ፦ እዚህ ላይ እንኳን ተይኝ 😭 ታክሲ ሰልፍ ላይ ነኝ።

ጋሽ ታዴ፦ ልጆች፣ ወደ ጉዳያችሁ።

ሙሌ፦ ጉዳዩማ ይሄ ነው፤ ዋስ ከፈለጋችሁ ዋሱ እኛ ነን። ኤጀንሲው ገንዘብ አስይዟል፣ ልጅቷ ብትበደል ከአሠሪው ጋር አብሮ ተጠያቂ ነው። ሕጉን አንብቡ።

ሰብሊ፦ እሰይ! ሬዲዮ ላይ ይሄን ለምን አላለም? ዋሱ እዚያ ነው አለ እንጂ!

ሙሌ፦ እኔ ነኝ እንዴ ሬዲዮ ላይ የቀረብኩት?

ዙፋን፦ ሙልዬ፣ ታናሽ እህቴ ማክሰኞ አሻራ ትሰጣለች።

ሙሌ፦ በየትኛው ኤጀንሲ?

ዙፋን፦ በእናንተ። ስልክህን እሰጣታለሁ፣ ሌሊትም ብትደውል ታነሳለህ አይደል?

ናቲ፦ ሙሌ «እየጻፈ ነው» ይላል፣ 10 ደቂቃ ሆነው።