ዋተርቪል አጠገብ ያሉት አራት ድንጋዮች ምንድን ናቸው?

መንገደኛዋ፦
ጤና ይስጥልኝ። አየርላንድ መኖር ከጀመርኩ ስድስት ዓመቴ ነው። ቅዳሜ ኬሪ የሚባለውን አውራጃ በመኪና እየዞርን ሳለ፣ ከዋተርቪል ከተማ ወጣ እንዳልን ጉብታ ላይ አራት ነገር ተሰልፎ አየሁ። ሰው መስሎኝ ነበር። ባለቤቴን «አቁምልኝ!» አልኩት። ባለ መሬቱን አስፈቅደን ወጣን። ድንጋይ ናቸው! ረጅሙ ቤቴ በር ላይ ቢቆም አያስገባኝም። በመዳፌ ነካሁት፤ በረዶ ነው። የድንጋይ ሽበት ወርሶታል። ሥሩ ላይ በጎች ሲታከኩበት የቀረ ፀጉር ተጣብቋል። አንድም ፊደል የለበትም። ማን አቆማቸው? ያለ ማሽን እንዴት? እንደ ጢያ መቃብር ይሆኑ እንዴ? ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሐሳቤ አልወጡም።

ድንጋይ ወዳጅ፦
እህቴ፣ ያየሽው አይተርኩዋ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት 1700 አካባቢ፣ በነሐስ ዘመን እንደቆመ ይገመታል። ረጅሙ 3 ሜትር ያህል ነው። ኮርክና ኬሪ አውራጃዎች ውስጥ እንዲህ ያሉ የድንጋይ ሰልፎች ብዙ ናቸው። አርኪዮሎጂስቷ አን ሊንች 37ቱን ለክታ፣ 23ቱ ወደ ፀሐይ ወይም ወደ ጨረቃ መውጫና መጥለቂያ የተቀየሱ ናቸው ብላለች። ጢያ ግን ከዚህ እጅግ በኋላ የመጣ ነው፤ እዚያ ሰይፍ ተቀርጾበታል፣ ሥሩም ተቆፍሮ መቃብር ተገኝቷል።
አተካከሉ ልክ እንደ ቤት ምሰሶ ነው። ጉድጓድ ይቆፈራል፣ የድንጋዩ እግር ይገባል፣ ሰው ተረባርቦ በገመድ ያቆመዋል። ከዚያ ዙሪያው በጠጠርና በአፈር ይጠቀጠቃል። ያ ጥቅጠቃ ነው እስከ ዛሬ የያዘው።

ነርሷ፦
እኔ እዚያው ኬሪ ነው የምሠራው። የአገሬው ሰው የስኬን መቃብር ነው ይላል። ስኬን በጥንቱ የአየርላንድ አፈ ታሪክ የገጣሚው የአመርጊን ሚስት ናት። ሕዝቧ በመርከብ ወደ አየርላንድ ሲመጣ፣ መሬት ሳትረግጥ ሞተች ይባላል። ባሕሩ ከጉብታው ላይ ይታያል አይደል?

መንገደኛዋ፦
አዎ፣ ይታያል! ስኬንን አሁን ሳስባት አንጀቴን በላችው። ተባረኩልኝ። ታኅሣሥ ላይ ልጄን ይዤ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ቆሜ ላያት ነው።

ድንጋይ ወዳጅ፦
ቦት ጫማ አድርጉ፣ ጭቃው አይጣል ነው። ስትወጡ ደግሞ የአጥሩን በር መልሳችሁ ዝጉ። በጎቹ መንገድ ላይ ይወጣሉ።