አስቸኳይ! ዛሬ 11 ሰዓት ስብሰባ አለን፣ ለመጋቢ ስንት ነው የሚከፈለው?

ሽቦ አገናኝ፦
ሰላም ለናንተ ይሁን ባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ኮምቦልቻ ያለች ትንሽ አጥቢያ ገንዘብ ያዥ ነኝ። መጋቢያችን ትናንት ማታ ለሽማግሌዎች ደብዳቤ አስገቡ፣ ወሩ ሲሞላ አገልግሎት አቆማለሁ ነው የሚለው። ዛሬ 11 ሰዓት ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፣ እኔ ደግሞ "የሚያዋጣ ቁጥር ይዘህ ና" ተብያለሁ ከየት ነው የማመጣው? ሌላ ቦታ ስንት ይከፈላል? ቁጥር ብቻ ንገሩኝ። ሙያዬ ኤሌክትሪክ ነው፣ ሒሳቡን የያዝኩት ሌላ እጅ ያወጣ ሰው ስለጠፋ ነው።

የጦሳ ጉም፦
አሁን ስንት ነው የምትከፍሏቸው? የወር ገቢያችሁስ? ምእመኑ ስንት ነው? ሰውየው ሳይለካ ሱሪ ስፉለት እያልክ እኮ ነው።

ሥራ ፈላጊ፦
ደሞዝ ጨምሩላቸው።

ድንኳን ሰፊው፦
ወንድሜ አትቀየመኝና ችግሩ ከጥያቄው ነው የሚጀምረው። አገልጋይ "ደሞዝ" የሚባል ነገር የለመደ ቀን ነው ነገር የተበላሸው፣ ጳውሎስን ተመልከት ሐዋርያት ሥራ 18 ላይ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን እየሰፋ ነው ያገለገለው፣ ምዕራፍ 20 ላይም የኤፌሶንን ሽማግሌዎች ሲሰናበት በገዛ እጆቼ ሠርቼ ነው የኖርኩት፣ የማንንም ብርና ወርቅ አልተመኘሁም ብሏቸዋል፣ የዛሬ አገልጋይ ግን መኪናው ምንድነው ስልኩ ስንተኛው ነው ሆኗል፣ እኔ በበኩሌ ሠርቶ የሚበላ መጋቢ ነው የምሰማው፣ ይህን የምለው በፍቅር ነው።

የጦሳ ጉም፦
በፍቅር 1ኛ ቆሮንቶስ 9ን ዘለልከው። ጳውሎስ እዛ ላይ መጀመሪያ መብት አለኝ ብሎ ተከራክሮ ነው መብቱን የተወው፣ የሚያበራየውን በሬ አፉን አትሰር የሚለውን ጠቅሶ ማለት ነው። ራሱ ሲተወው ነው መስዋዕትነት የሚባለው፣ አንተ ስትተውለት ሌላ ስም አለው። ደሞ ኮምቦልቻ ላይ ድንኳን ማን ይገዛሃል፣ የእድሩ ድንኳን ይበቃል።

አብሽር ኮምቦልቻ፦
😂😂 እኔ ሙስሊም ነኝ ግን ጎረቤት ስለሆንን ልግባበት። አብሽር ወንድሜ የኛም ጣጣ ይሄው ነው። ሰፈራችን ያለው መስጊድ አጥሩ ላይ ሱቆች አሉት፣ ወቅፍ ናቸው፣ ለመስጊዱ በስጦታ የተሰጡ ማለት ነው፣ ኢማሙን የሚይዘው የሱቆቹ ኪራይ ነው። የጁምዓ ሰደቃ ብቻ ቢሆን ወላሂ ሰውየው ይሄኔ ባጃጅ ይነዳ ነበር። እናንተም ሱቅ ሥሩ።

ሽቦ አገናኝ፦
አብሽር ተባረክ፣ ግን እኛ አዳራሽ ተከራይተን ነው የምናመልከው ምን ላይ ሱቅ እንሠራለን። እሺ ቁጥሩ ይሄው፣ ወደ 120 ሰው ነን አብዛኛው የፋብሪካ ሠራተኛና ተማሪ ነው። አስራትና መባ በወር በአማካይ 38,000። አዳራሽ 12,000፣ ገጠር ላለው ወንጌላዊ 5,000፣ ጥበቃ 3,000፣ መብራት ውሃ ምናምን 2,500፣ መጋቢ 6,500። የቀረው ለህንፃ ማሰሪያ ይቀመጣል። መጋቢ ባለትዳር ናቸው ሦስት ልጆች አሏቸው። የቤት ኪራያቸው 3,500 ነበር፣ አከራዩ ከሚቀጥለው ወር 6,000 አድርጎታል ሲባል ሰምቻለሁ።

ሒሳብ ሹም ደሴ፦
ይሄን መጀመሪያ ብትጽፈው ምናለ። ከ6,500 ላይ 6,000 ኪራይ ሲወጣ 500 ብር ይቀራል። ለአምስት ሰው። ስብሰባችሁ በቃ ይሄ ነው።
ቆይ ግን 6,500 ግብር ተቆርጦ ነው ወይስ ሳይቆረጥ?

ሽቦ አገናኝ፦
ግብር? በእጃቸው ነው የምሰጣቸው፣ አስፈርማቸዋለሁ።

ሒሳብ ሹም ደሴ፦
ወይ ጉድ። የሥራ ግብር ቆርጦ ገቢ ማድረግ የቀጣሪው ግዴታ ነው፣ ቤተክርስቲያን መሆን አያስጥልም። ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ጀምሮ ያለው ስሌት እስከ 2,000 ነፃ፣ እስከ 4,000 ድረስ 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ድረስ 20፣ እስከ 10,000 ድረስ 25፣ እስከ 14,000 ድረስ 30፣ ከዛ በላይ 35 ነው፣ እያንዳንዱ በየእርከኑ ላለው ብር ብቻ። ስለዚህ የ6,500 ግብር 800 ነው። በእጃቸው 10,000 እንዲደርስ ካሰባችሁ ወረቀት ላይ 12,357 አካባቢ ጻፉ፣ ጡረታ ካስገባችሁ ደግሞ ከሳቸው 7 ከናንተ 11 በመቶ አለ። ዛሬ ማታ 10,000 አጸደቅን ብላችሁ በኋላ ግብር ሲመጣ እንዳትጣሉ ነው የምለፈልፈው። የትኛው ቁጥር እንደሆነ ቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፍ።

ሥራ ፈላጊ፦
ከላይ እንዳልኩት ደሞዝ ጨምሩላቸው።

የገበሬ ቄስ ልጅ ልጅ፦
አያቴ ቄስ ነበሩ፣ የሰሞን መሬት ነበራቸው፣ ለአገልግሎታቸው የተሰጣቸው ማለት ነው፣ ሰሞናቸው ሲደርስ ይቀድሳሉ ሲያልቅ ያርሳሉ። 1967 መሬት ሲወረስ ያ ቀረና ነገሩ ሁሉ በሰበካ ጉባኤ እጅ ወደቀ። የናንተም የኛም አንድ ነው፣ መሬት የሌለው ካህን ከሰው እጅ ነው የሚጠብቀው። በነገራችን ላይ ሒሳቡን ስደምር 9,000 ብር በየወሩ ለህንፃ ነው የምታስቀምጡት። ህንፃው ለየትኛው መጋቢ ነው?

ሽቦ አገናኝ፦
የህንፃውን ብር እነካለሁ ብል ዋናው ሽማግሌ በቁሜ ይቀብረኛል 🙈

ዝም ያለች፦
ደብዳቤው ላይ ደሞዝ የሚል ቃል አለ?

ሽቦ አገናኝ፦
የለም። "በቤተሰብ ጉዳይ ምክንያት" ነው የሚለው።

ዝም ያለች፦
ታዲያ ለደሞዝ ነው ያላችሁ ማነው? ላይሆንም ይችላል። ቢሆንም ደግሞ አይጽፉትም። እኔ ደሴ የመጋቢ ሚስት ነኝ፣ በዚህ ኑሮ 14 አመቴ ነው። ደሞዛችንን ጉባኤው በሙሉ ያውቀዋል፣ በአመታዊ ሪፖርት ይነበባል፣ ሱቅ ያለንን ዱቤ ግን የሚያውቀው ባለሱቁ ብቻ ነው። ሰው ሲያዝን እኛ ቤት ይመጣል፣ ሲጋባ እኛ ቤት፣ ከገጠር ሲመጣ እኛ ቤት ያድራል፣ ደስ ይለኛል እውነቴን ነው ግን ቡናው ስኳሩ ከየት ነው? የናንተ መጋቢ ደሴ ሆስፒታል የተኛ ምእመን ሲጠይቁ የሀረጎን ዳገት ወጥተው ሲመለሱ የታክሲውን ማን ይከፍላል? የስልክ ካርዱንስ? ያ የቤተክርስቲያን ወጪ እኮ ነው፣ ከልጆቹ ዳቦ ላይ እየተቆረጠ። ስለዚህ ሁለቱን ለዩት፣ የአገልግሎት ወጪ ለብቻው በደረሰኝ ይሁን፣ ደሞዝ ለብቻው። ኪራዩን ከቻላችሁ ቤተክርስቲያኗ ራሷ ትዋዋል። ከሽማግሌዎቹ መሃል መምህር ካለ የሱን ደሞዝ ጠይቁት፣ በሱ ደሞዝ የሚኖር ሰው "መጋቢ በእምነት ይኑር" ለማለት ትንሽ ያፍራል። ደግሞ ያረጀ ልብስ በፌስታል ለልጆቹ አትላኩ፣ ትልቋ ልጄ የጓደኛዋን ቀሚስ ለብሳ ሰንበት ትምህርት ቤት የሄደች ቀን አይረሳኝም። እና ከ11 በፊት ሁለት ሰው ቤታቸው ይሂድ። ቁጥር ሳይዝ።

ድንኳን ሰፊው፦
እህቴ ልክ ነሽ ግን የጳውሎስ ነገር አሁንም

የጦሳ ጉም፦
አንተ ድንኳንህን ጠቅልል።

ሽቦ አገናኝ፦
እትዬ የሆስፒታሉን ነገር እውነትሽን ነው፣ ባለፈው ወር አራት ጊዜ ደሴ ተመላልሰዋል፣ የኔን እናት ሊጠይቁ ነበር። ስለታክሲ ጠይቄ አላውቅም። አሁን 8 ሰዓት ነው፣ አንድ ሽማግሌ ይዤ እየሄድኩ ነው።

አብሽር ኮምቦልቻ፦
ቁም ቁም፣ ቤት ከሆነ ችግሩ አክስቴ ከቦርከና ማዶ ሁለት ክፍል አላት፣ 4,000 ነው የምትለው፣ ውሃ ግቢ ውስጥ አለ። መጋቢ ናቸው ብያት "ታዲያ ድምፅ ማጉያ አያመጡም አይደል" ብላኛለች 😂 አያመጡም አልኳት። ንገራቸው።

ሒሳብ ሹም ደሴ፦
እንዴት ሆነ? 2 ሰዓት ሆኗል እኮ።

ሥራ ፈላጊ፦
ጨመሩላቸው?

የጦሳ ጉም፦
መብራት የለም መሰለኝ ኮምቦልቻ። ወይ አሁንም እየተከራከሩ ነው።

አብሽር ኮምቦልቻ፦
መብራትስ አለ። አክስቴ እስከ እሁድ ትጠብቃለች፣ ከዛ ሌላ ሰው አለ። ሽቦ አገናኝ ስትገባ ጻፍልኝ።