ለሄርሚት ሸርጣን ምን ይገዛ፣ ምን ይቅር?

ሰሞኑን ሦስት ሰው ስለ ሄርሚት ሸርጣን፣ ባዶ ዛጎል ለብሶ መሬት ላይ ስለሚኖረው ትንሽ ሸርጣን፣ አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቀኝ። «ሄርሚት ሸርጣን ገዛን። ከነቤቱ ከነምግቡ ነው የሰጡን። ሌላ ምን ያስፈልገዋል?» መልሴ ደስ አያሰኝም። አብሮ ከተሰጣችሁ ዕቃ አብዛኛው አይረባም። የሚረባው ደግሞ ጥቅሉ ውስጥ የለም።

እኔም አጀማመሬ እንደዛው ነበር። የሽቦ ቤት፣ አንድ እፍኝ ባለቀለም ጠጠር፣ ስፖንጅ፣ የጠርሙስ ክዳን የምታክል የውሃ ሳህን። ሁለቱም ሸርጣኖች ቀለም የተቀባ ዛጎል ለብሰው ነበር፤ አንደኛው ላይ ኳስ ተስሎበታል። የሸጠልኝ ሰው «ምንም አያስቸግርም፣ አልፎ አልፎ ውሃ ረጨት አድርግባቸው» አለኝ። አንዱ በሦስተኛው ወር ሞተ። ባለኳሱ ግን ዛሬም አለ። ከዚያ ወዲህ የገዛሁትን፣ የጣልኩትንና የተቆጨሁበትን እነሆ።

በቅድሚያ አንድ ነገር ይታወቅ። ይሄ ፍጡር መሬት ላይ ይኑር እንጂ የሚተነፍሰው በስንጥብ ነው። ስንጥቡ ካልረጠበ አይሠራም። አየሩ ደረቅ ከሆነ ቀስ እያለ ይታፈናል። በአንድ ቀን ቢሆን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ችግሩ ሳምንታትና ወራት መፍጀቱ ነው። «እኔ ጋ እኮ ስድስት ወር ኖሯል» የሚለኝ ሰው አለ። በደንብ የተያዘ ሸርጣን ከ30 ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል። ስድስት ወር ምንም አይደለም።

ስለዚህ ቤቱን ስትመርጡ ጥያቄው «እርጥበት ይይዛል ወይ?» ነው። የሽቦ ቤት አይይዝም። አለቀ። መንጠላጠያ ይሆናል ይሉኛል፤ መንጠላጠያ ከሆነ እንጨት አስገቡለት። ክዳን ያለው ትልቅ የፕላስቲክ ሳጥን ከሽቦው በብዙ ይሻላል፤ ርካሽ ነው፣ እርጥበት ይይዛል። ጉድለቱ ውስጡ ጥርት ብሎ አለመታየቱና ከባድ አሸዋ ሲሞላበት ጎኑ ማበጡ ነው። የኔ ምርጫ የመስታወት አኳሪየም ነው። 40 ሊትር ለሁለት ትንንሽ ሸርጣኖች መጀመሪያ ይሆናል፤ አቅም ካለ ግን በቀጥታ 75 ሊትርና ከዚያ በላይ ያዙ። አዲስ መሆን የለበትም። መጋጠሚያው የሚያንጠባጥብ የዓሣ ገንዳ ለዓሣ ባይሆንም ለሸርጣን ይሆናል። እንዲህ ያለውን ሰው በነፃም ይሰጣል። ክዳኑ ወንፊት ከሆነ መስታወት ወይም ፕላስቲክ ደርቡበት። ክብደትም ጨምሩበት። በማዕዘኑ ሲሊኮን ላይ፣ በቴርሞሜትሩ ገመድ ላይ ተንጠላጥለው ይወጣሉ። ባለኳሱን አንድ ሌሊት ጫማዬ ውስጥ አግኝቼዋለሁ።

የእርጥበት መለኪያ ላይ ግን አትቆጥቡ። ባለመርፌውን ተዉት፣ ዲጂታሉን ግዙ። ዲጂታሉንም ቢሆን አትመኑት፣ ፈትኑት። የጠርሙስ ክዳን ውስጥ የገበታ ጨው ጨምሩ። እርጥብ አሸዋ እስኪመስል ጥቂት ጠብታ ውሃ አድርጉበት፤ መሟሟት የለበትም። ከመለኪያው ጋር አየር በማያስገባ ፌስታል አሽጋችሁ አሳድሩት። ጠዋት 75 በመቶ ማሳየት አለበት። የኔ ባለመርፌ 58 አለኝ። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ የማነበው ተረት ነበር! ገንዳው ውስጥ የምንፈልገው ከ75 እስከ 85 በመቶ ነው።

ሙቀቱ ከ24 እስከ 29 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሁን። ሦስት ዓይነት ማሞቂያ ይሸጣል። መብራቱ ያሞቃል፣ ግን አየሩን ያደርቃል። የሚሞቀው ሰው ሠራሽ ድንጋይ ያቃጥላቸዋል፤ እሱን በጭራሽ። የሚለጠፈው ምንጣፍ ከሁሉም ይሻላል፣ ቦታውን ካወቃችሁበት። ከገንዳው ሥር አይደለም። ሸርጣን ሲሞቀው ወደ ታች ይቆፍራል፤ ታች እሳት ካለ የት ይሂድ? በኋላው ግድግዳ፣ ከውጭ በኩል፣ ከአሸዋው ከፍታ በላይ ለጥፉት።

አሁን ወደ አሸዋው። እዚህ ላይ ረዘም እላለሁ፤ ምክንያት አለኝ።

ሸርጣን ሲያድግ ቅርፊቱ አብሮት አያድግም። መሬት ውስጥ ይቀበርና አሮጌውን ያወልቃል፤ አዲሱ እስኪጠነክር እዚያው ይቆያል። ያወለቀውንም ይበላዋል፤ ካልሲየሙ አይባክንም። ትንሹ በሳምንታት ይጨርሳል፣ ትልቁ ወራት ይፈጅበታል። የሞተብኝ ሸርጣን ያለቀው በዚህ ነው። የኔ ጠጠር ሁለት ጣት እንኳን ጥልቀት አልነበረውም። መቀበሪያ ሲያጣ ጥግ ይዞ ተሸጎጠ። እኔ ደግሞ ደክሞት ነው ብዬ እያነሳሁ ውሃ እነክረው ነበር። ቅርፊቱ ጀርባው ላይ ሲሰነጠቅ በዓይኔ አይቼ እንኳን አልገባኝም።

ጠጠር ይቅር። «የካልሲየም አሸዋ» የሚባለውም ይቅር፤ ሲረጥብና ሲደርቅ እንደ ሲሚንቶ ይጋገራል። የሚሆነው ተራ የታጠበ የመጫወቻ አሸዋ ከኮኮናት ቃጫ ጋር ነው። አምስት እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ ቃጫ። አርጥቡትና በእጃችሁ ጨብጡ። ቅርጹን ይዞ ከቀረ ደርሷል፤ ውሃ ካንጠባጠበ በዝቷል። ጥልቀቱ ቢያንስ 15 ሴንቲሜትር፣ ወይም ከትልቁ ሸርጣናችሁ ቁመት ሦስት እጥፍ፤ ከሁለቱ የሚበልጠውን ያዙ። ከተቀበረ በኋላ አትቆፍሩ። ሁለት ወር ቢጠፋም አትቆፍሩ። የሞተ ሸርጣን የበሰበሰ ዓሣ ይሸታል፤ ማንም አይስተውም። ጤነኛው የሚሸተው አሸዋ አሸዋ ነው። አሸዋው ላይ ተጋድሞ ያያችሁት «ሬሳ» ደግሞ ስታነሱት ቀሎ ውስጡ ባዶ ከሆነ፣ አሮጌ ልብሱ ነውና መልሱለት።

ውሃው ሁለት ሳህን ነው፤ አንዱ ጨዋማ፣ አንዱ ጨው የሌለው። ሁለቱም ሸርጣኑ ሙሉ ለሙሉ ሊጠልቅበት የሚችል፣ መውጫ ድንጋይ ያለው ይሁን። ዛጎሉ ውስጥ ውሃ ይዞ ይዞራል፤ ጨውና እርጥበቱን የሚያመጣጥነው በዚያ ነው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው። አንድ ቀን ክፍት ትቶ ማሳደር ክሎሪኑን ያበነዋል። ውሃው የታከመው በክሎራሚን ከሆነ ግን ማሳደር አይበቃም፤ ለዓሣ የሚሸጠው ክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ ያስፈልጋል። እኔ ሁልጊዜ ጠብታውን እጠቀማለሁ፣ አንድ ጠርሙስ ብዙ ጊዜ ይቆያል።

ጨው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የገበታ ጨው አይሆንም። «የአኳሪየም ጨው» ተብሎ የሚሸጠውም አይሆንም፤ እሱ ለጨው አልባ ውሃ ዓሦች መድኃኒትነት ነው። የምትፈልጉት ለባሕር ዓሦች የሚዘጋጀውን የባሕር ጨው ቅይጥ ነው፤ በሊትር 35 ግራም ገደማ። ማሸጊያቸው ስለሚመሳሰል ጽሑፉን አንብቡ። ስፖንጁንስ? ጣሉት። የባክቴሪያ ማርቢያ ነው።

ምግቡን በሁለት ከፍዬ ልንገራችሁ። የታሸገው ደረቅ እንክብል ምግብ ይመቻል፣ አይበላሽም። ሲመጣላቸው ግን ብዙ ጊዜ ዞር ብለው አያዩትም፤ ፈረድኩባቸው አልልም። ከገዛችሁ ከኋላው ያለውን አንብቡ። ኤቶክሲኩዊን የሚል ማቆያ ወይም ኮፐር ሰልፌት (የመዳብ ውህድ) ካለበት መልሱት። መዳብ ለሸርጣን ዘር መርዝ ነው። ከኩሽናችሁ የሚሰጠው ይበልጣል። ጨው የሌለው ደረቅ ሽሪምፕ፣ ከነቅርፊቱ የተፈጨ ቅቅል እንቁላል፣ ካሮት፣ ኮኮናት፣ የባሕር አረም፣ ጨው ያልነካው ለውዝ። ዘይት፣ ቅመምና ጨው አይግቡበት። ለካልሲየም የኩትልፊሽ አጥንት ሁልጊዜ ይኑር፤ ለወፍ የሚሸጠው ራሱ ነው። በየቀኑ ትንሽ፣ ማታ ላይ፤ ጠዋት የተረፈውን ማንሳት። ፍራፍሬውን በደንብ እጠቡ። በነፍሳት ማጥፊያ የምትረጩበት ክፍል ውስጥ ደግሞ ገንዳውን አታስቀምጡ። በረሮን የሚገድል እሱንም ይገድላል፤ ሩቅ ዘመድ ናቸው።

ዛጎል። ቀለም የተቀባውን አትግዙ። ቀለሙ ይላጣል፣ እሱም ይቆረጥመዋል። ለእያንዳንዱ ሸርጣን ከሦስት እስከ አምስት ያልተቀባ ዛጎል አስቀምጡ፤ አሁን ከለበሰው ትንሽ የሚበልጡ። ቀቅሏቸው፣ አቀዝቅዟቸው። የአፉ ቅርጽ ከውበቱ ይበልጣል። ግራ መቆንጠጫው ሐምራዊ የሆነው የካሪቢያኑ ዝርያ ቱርቦ የሚባለውን የባሕር ቀንድ አውጣ ክብ አፍ ያለው ዛጎል ይወዳል። የኢኳዶሩ ሞላላና ሰፋ ያለ አፍ ይፈልጋል።

ባለኳሱ ዛጎል የቀየረ ሌሊት ቁጭ ብዬ አየሁት። አዲሱን በመቆንጠጫው እያንከባለለ ዞረው። እግሩን አፉ ውስጥ ሰዶ ለካው። ሃያ ደቂቃ ያህል እንዲህ አለ። ከዚያ በአንድ ቅጽበት ራቁቱን ወጣ፤ ሮዝ፣ ለስላሳ፣ ወደ ጎን የተጠቀለለ ሆድ። ገባ። ኳሱ ባዶውን አሸዋው ላይ ቀረ።

ስንት ይገዛ ለምትሉ፦ ሄርሚት ማለት ባሕታዊ ነው፣ ስሙ ግን አሳሳች ነው። በዱር በመንጋ ነው የሚኖሩት። አንድ ብቻ አታድርጉ። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ሸርጣን ማኖር የሰለቸው ሰው ፈልጉ። እጫቸው ባሕር ውስጥ ስለሚያድግ ቤት ውስጥ ማራባት እጅግ ከባድ ነው። የሚሸጡት ከሞላ ጎደል ሁሉም ከባሕር ዳርቻ የተለቀሙ ናቸው። ለባለኳሱ ጓደኛ ያገኘሁትም ከሰለቸው ሰው ነው፤ ከነሽቦ ቤቱ ሰጠኝ። ሽቦውን ጣልኩት። ሸርጣኑን ገንዳው ውስጥ ሳስቀምጠው ባለኳሱ መጣና በአንቴናው ነካካው። ጠዋት ላይ ሁለቱም ኮኮናት ቅርፊቱ ሥር፣ አንዱ ባንዱ ላይ ወጥተው ተኝተዋል።