ውሃ ሳይከፈት ሌሊቱን የሚቆጥር የሻወር ማሞቂያ

ሰላም የቧንቧና የኤሌክትሪክ ባለሙያዎች፣ እርዳታችሁን እፈልጋለሁ። ማሞቂያው 80 ሊትር፣ 1500 ዋት፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ነው። ሌላውን ብሬከር ሁሉ አጥፍቼ፣ ማንም ውሃ ሳይከፍት፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የመብራት ቆጣሪው 3 ኪሎዋት ሰዓት ቆጠረ። ይሄ በጣም ብዙ ነው፤ 80 ሊትሩን በሙሉ ከ18 ወደ 60 ዲግሪ ለማሞቅ እንኳ 4 ገደማ ይበቃል።

ረዚስታንሱ (ውሃውን የሚያሞቀው ክፍል) በቴስተር 32 ኦም ያሳያል፣ ደህና ነው። ዝቃጭ ይዞት ይሆናል የሚሉኝ አሉ። ዝቃጭ ግን ማሞቁን ያዘገያል እንጂ ሙቀቱን አያጠፋም፤ ዞሮ ዞሮ ውሃው ውስጥ ይገባል።

እኔን የሚያጠራጥረኝ የቀዝቃዛው መግቢያ ቧንቧ ነው፤ ከማሞቂያው አንድ ሜትር ርቆም ይሞቃል፣ የከተማው ውሃ ሲቋረጥ ደግሞ ይብሳል። ሴፍቲ ቫልቩ (ግፊት ሲበዛ የሚያስተነፍሰው) ውስጥ ያለው፣ ውሃ እንዳይመለስ የሚከለክለው ክፍል አልዘጋ ብሎ ሙቁ ወደኋላ እየሸሸ ይሆን? ወይስ በሻወሩ ማደባለቂያ በኩል ወደ ቀዝቃዛው መስመር እየተሻገረ? የሙቁ መውጫ ላይ መዝጊያ የለም። ቫልቩን ሳልፈታ ሁለቱን የምለይበት መንገድ ካለ ንገሩኝ። ልጆች ንጋት ላይ ስለሚታጠቡ ማታ ማታ ማጥፋቱ አይሆንልኝም።